በቴክሳስ የኢዝመንትና የመተላለፊያ መብት ሥራ የሚሠራ ድርጅት ማስመዝገብ፦ የሥራው ልምድና የሕግ ዕውቀት ያላችሁ እንድትረዱን

ታይትል መርማሪ፣ ከጋርላንድ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በዳላስ አካባቢ በአንድ የታይትል (የመሬት ባለቤትነት ማረጋገጫ) ድርጅት ውስጥ የመሬት ሰነዶችን በመመርመር የምተዳደር ሰው ነኝ። የካውንቲ ክለርክ መዝገብ ሳገላብጥ ደጋግሜ የማገኘው የኢዝመንት ሰነድ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጋዝ ቧንቧ፣ የፋይበር ኬብል ወይም የባቡር ሐዲድ በሰው መሬት ላይ እንዲያልፍ የተሰጠ መብት ማለቴ ነው። ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ሆነን፣ ይህን መብት ከባለመሬቶች ጋር ተደራድሮ ለኩባንያዎች የሚያስገኝ ድርጅት በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) መልክ ለማቋቋም አስበናል። ሥራው እየበዛ ነው፤ በኤፕሪል 2025 የስቴቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በምዕራብ ቴክሳስ ላለው ለፐርሚያን ቤዝን የነዳጅ አካባቢ ባለ 765 ኪሎቮልት መስመሮች እንዲዘረጉ ከወሰነ ወዲህ ስለ መስመር መሬት የማይነጋገር የሙያ ባልደረባ አላጋጠመኝም።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። ኤልኤልሲውን ካቋቋምን በኋላ ድርጅቱ ራሱን የቻለ ምዝገባ ያስፈልገዋል ወይስ የእኛ የግል ምዝገባ ይበቃል? ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል? ባልንጀራዬ ገና የአሜሪካ ዜግነት አላገኘም፣ ግሪን ካርድ ግን አለው፤ ይህ እንቅፋት ይሆንበታል? ከወረቀቱ ባሻገር ደግሞ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩን ውለታችሁን አንረሳም።

የመስመር መሬት ወኪል፣ ከፎርት ዎርዝ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በቅደም ተከተል ለመመለስ እሞክራለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኤልኤልሲ ከፍቶ የባንክ ሒሳብ ካገኘ በኋላ ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስለዋል።

በቴክሳስ የሙያዎች ሕግ ምዕራፍ 1101 መሠረት፣ ለቴሌኮሙኒኬሽን፣ ለመብራትና ለውሃ መሰል አገልግሎቶች፣ ለባቡር ወይም ለቧንቧ መስመር የሚውል ኢዝመንት ወይም የመተላለፊያ መብት ለሌላ ወገን በክፍያ፣ ወይም ክፍያ አገኛለሁ ብሎ በመጠበቅ፣ የሚገዛ፣ የሚሸጥ፣ የሚያከራይ ወይም የሚያስተላልፍ ማንኛውም ሰው በቴክሳስ ሪል እስቴት ኮሚሽን፣ ሁላችንም ትሬክ በምንለው መሥሪያ ቤት፣ መመዝገብ ወይም የሪል እስቴት ፈቃድ መያዝ ግዴታው ነው። «ሰው» ሲል ድርጅትንም ይጨምራል። ስለዚህ የእርስዎ የግል ምዝገባ ኤልኤልሲውን አይሸፍነውም። ውሉን ከኩባንያው ጋር የሚፈርመውና ገንዘቡን የሚቀበለው ኤልኤልሲው ከሆነ፣ ኤልኤልሲው በስሙ መመዝገብ አለበት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይቀላችኋል። በመጀመሪያ ሁለታችሁ በግል ተመዝገቡ፤ ድርጅቱ ሲመዘገብ ከኃላፊዎቹ፣ ከሥራ አስኪያጆቹ ወይም ከሸሪኮቹ መካከል አንድ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ተጠሪ አድርጎ መሰየም ስላለበት፣ የግል ምዝገባው ካልቀደመ የድርጅቱ ማመልከቻ ይንጠለጠላል። ለግል ምዝገባ ዕድሜ 18 የሞላ መሆን፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም በሕጋዊ መንገድ የገባ የውጭ ዜጋ መሆን፣ አሻራ መስጠትና የቀድሞ ሕይወት ምርመራን ማለፍ ያስፈልጋል። የባልንጀራዎ ግሪን ካርድ በዚህ ረገድ የሚያሳስብ አይደለም።

በዚህ ላይ ትምህርት አለ። በ2021 ሃውስ ቢል 2730 የሚባለው ሕግ ከመውጣቱ በፊት ምዝገባው ቅጽ ሞልቶ ክፍያ ከመፈጸም ብዙም የራቀ አልነበረም። አሁን ግን ኮሚሽኑ ያጸደቀው የ16 ሰዓት ትምህርት ግዴታ ሆኗል፤ የሚሰጠውም ስለ ኤሚነንት ዶሜይን (ለሕዝብ ጥቅም ካሳ ከፍሎ መሬትን በግዴታ ስለ መውሰድ) ሕግና ስለ ባለመሬቶች መብት፣ ባለመሬትን ስለማነጋገርና ስለመደራደር ሥርዓት፣ እንዲሁም ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነው። ምዝገባው ሲታደስም በየጊዜው ትምህርት ይጠየቃል። ይህን ትምህርት እንደ ሸክም የሚያዩ አሉ፤ እኔ በበኩሌ ሕጉ ካደረጋቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ከባለመሬቱ ያልተሻለ የሕግ ዕውቀት ይዘው በሰው ደጅ ይቆሙ ነበር።

ኤልኤልሲውን በተመለከተ፣ በሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ቅጽ 205ን ሞልታችሁ 300 ዶላር ትከፍላላችሁ፤ በኢንተርኔትም ይቻላል። በቴክሳስ ውስጥ ትክክለኛ የመንገድ አድራሻ ያለው ሕጋዊ ተቀባይ ያስፈልጋችኋል፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ አይቀበሉም። ከዚያ የግብር መለያ ቁጥር ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ያለ ክፍያ ታወጣላችሁ። በኤልኤልሲው የምሥረታ ሰነድ ላይ የሰፈረው ስምና ለትሬክ የምታቀርቡት ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ልዩነት ካለ ማመልከቻው ተመልሶ ይመጣል።

ባለ ፈቃዷ፣ ከሪቻርድሰን

ለተሰጠው ማብራሪያ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የሪል እስቴት ሽያጭ ወኪል ፈቃድ አለኝ። ይህ ከሆነ የኢዝመንት ሥራ ለመሥራት ሌላ ምዝገባ ያስፈልገኛል?

የመስመር መሬት ወኪል፣ ከፎርት ዎርዝ

እህቴ፣ ሕጉ ፈቃድ ወይም ምዝገባ ስለሚል ለእርስዎ ለግልዎ ሁለተኛ ምዝገባ አያስፈልግም። ሆኖም የሽያጭ ወኪል የሚሠራው በስፖንሰሩ ብሮከር (ኃላፊነቱን በሚወስድለት ባለ ፈቃድ ደላላ) ሥር መሆኑንና ክፍያውንም በብሮከሩ በኩል ብቻ የሚቀበል መሆኑን አይርሱ። ብሮከርዎ የማያውቀው የኢዝመንት ሥራ ከሌላ ድርጅት ጋር ይዘው ቢገኙ ችግሩ የሚመጣው በዋናው ፈቃድዎ ላይ ነው። በተጨማሪም የነዳጅና የማዕድን መብት ሊዝ ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ላንድማን የሚባሉት የሚሠሩት ሥራ ሌላ ስለሆነ ሁለቱ እንዳይምታቱብዎ። የመንገድ ግንባታም ሕጉ ከዘረዘራቸው አራት ዘርፎች ውስጥ የለም፤ ለመንገድ የሚውል መሬት የሚያስገኝ ሰው ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ለብቻው መጠየቅ ይኖርበታል።

ባለመሬት፣ ከኮፍማን ካውንቲ

እስካሁን የተነጋገራችሁት ስለ ድርጅቱ ነው። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ የማየውን ልጨምር፤ ወንድማችን «ከወረቀቱ ባሻገር» ብለው ስለጠየቁ ይጠቅማቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ከብት የማረባበት መሬት አለኝ። አንድ የቧንቧ መስመር ኩባንያ በወኪሉ በኩል 50 ጫማ ስፋት ያለው ቋሚ ኢዝመንት፣ ለግንባታ ጊዜ ደግሞ ከጎኑ ተጨማሪ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ጠየቀኝ። ወኪሉ ጨዋ ሰው ነበር፤ ቡና ጠጥተን ስለ ልጆች ስንጫወት ቆየን። ወረቀቱን ለጠበቃ ሳሳይ ግን በሦስተኛው ገጽ ላይ «አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቧንቧዎች» የሚል ሐረግ ተገኘ። እንዲህ ያለ ውል ላይ ብፈርም ኖሮ፣ ዛሬ ለአንድ ቧንቧ በተከፈለኝ ገንዘብ ኩባንያው ከዓመታት በኋላ ሁለተኛና ሦስተኛ ቧንቧ ሊቀብር መብት ይኖረው ነበር። ወኪሉን ስጠይቀው «ይህ መደበኛ ቅጽ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ሐረግ ለድርድር የሚቀርብ ነገር ነው። የንብረት ሕግ ምዕራፍ 21 የማስገደድ፣ ማለትም መሬትን በግዴታ የመውሰድ፣ ሥልጣን ያለው የግል ኩባንያ ለቧንቧ የሚያቀርበው ሰነድ የቧንቧውን ከፍተኛ ብዛት፣ የመጨረሻ ውፍረቱን፣ በውስጡ የሚተላለፈውን ነገር ዓይነት፣ የሚቀበርበትን ዝቅተኛ ጥልቀት፣ እንዲሁም የኢዝመንቱን ስፋትና ትክክለኛ ሥፍራ እንዲገልጽ ያዝዛል። ቁፋሮው ሲካሄድ የላይኛው ለም አፈር ለብቻው ተጠብቆ ተመልሶ ከላይ ይለብስ ወይም አይለብስ እንደሆነም በውሉ ይገለጻል። በእኔ ውል ውስጥ አንድ ቧንቧ ብቻ ተባለ፣ ውፍረቱ በኢንች ተጻፈ፣ አጥሩ በሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ ከብት የማያሳልፍ በር እንዲሠራ ተስማማን።

ወንድሜ፣ ድርጅታችሁን ስታቋቁሙ ወኪሎቻችሁ ይህን ዝርዝር ከባለመሬቱ ቀድመው የሚያውቁና ሳይጠየቁ የሚናገሩ ይሁኑ። ኢዝመንት ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፤ እኔ ብሸጥ ገዢዬን፣ ብሞት ልጆቼን ያስረዋል። የንብረት ግብሩን ግን የምከፍለው እኔው ነኝ።

ታይትል መርማሪ፣ ከጋርላንድ

ጋሼ፣ ይህን በዝርዝር ስላካፈሉን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛም ብንሆን በመዝገብ ቤት «አንድ ወይም ከዚያ በላይ» የሚለውን ሐረግ በአሮጌ ሰነዶች ላይ በብዛት እናየዋለን፤ በ1950ዎቹ የተፈረሙ አንዳንዶቹ ስፋቱን እንኳ አይገልጹም፤ ባለመሬቶቹ ዛሬም በእነሱ ምክንያት ይከራከራሉ።

ከዚህ በመነሣት አንድ ጥያቄ ላንሣ። አንድ ትልቅ የመስመር መሬት ድርጅት በንዑስ ተቋራጭነት ሊቀጥረን ፍላጎት አሳይቶናል። ክፍያው በቀን ታስቦ ሆኖ፣ ከተመደበው በጀት በታች ለተፈረመ ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ተጨማሪ ጉርሻ እንደሚኖር በቃል ነግረውናል። ይህ ተገቢ ነው?

የመስመር መሬት ወኪል፣ ከፎርት ዎርዝ

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡበት በብርቱ እመክርዎታለሁ። ያው የ2021 ሕግ፣ የተመዘገበ ሰው ወይም ድርጅት ከሚገባው ካሳ ያነሰ መሆኑን የሚያውቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን የመጀመሪያ ዋጋ እንዲያቀርብ የገንዘብ ማበረታቻ እንዳይቀበል ይከለክላል። ኮሚሽኑ በዚህ ምክንያት ምዝገባን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። «ከበጀት በታች» የሚለው አነጋገር በጽሑፍ ሲሰፍር በትክክል ወደዚህ ክልከላ ሊያደርስ የሚችል ነው። ክፍያችሁ በቀን ብቻ ይሁን፤ ጉርሻ ካለም ከዋጋው ጋር ያልተያያዘ፣ ለምሳሌ ሰነድን በጥራትና በጊዜው ከማስረከብ ጋር የተያያዘ እንዲሆን አስጽፉ።

የዋጋውን ሂደት ማወቃችሁም ለዚሁ ይጠቅማል። የማስገደድ ሥልጣን ያለው አካል በጽሑፍ የመጀመሪያ ዋጋ ያቀርባል። የመጨረሻውን ዋጋ ማቅረብ የሚችለው ቢያንስ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ፈቃድ ባለው ገማች የተዘጋጀ የጽሑፍ ግምት ሊኖረው ይገባል፤ የመጨረሻው ዋጋም ከዚያ ግምት ማነስ የለበትም። ባለመሬቱ መልስ ለመስጠት ቢያንስ 14 ቀን ይኖረዋል። በጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ የተዘጋጀው የባለመሬቶች የመብት መግለጫም በእጁ መድረስ አለበት። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ዳኛው ሦስት ገለልተኛ ባለመሬቶችን ስፔሻል ኮሚሽነር አድርጎ ይሾማል፤ በእነሱ ውሳኔ ያልረካ ወገን ተቃውሞ አቅርቦ በመደበኛ ክርክር መቀጠል ይችላል። ግምቱ ሲሠራ የተወሰደው ቁራሽ ብቻ ሳይሆን በቀሪው መሬት ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ይታሰባል፤ የሰፈር መስፋፊያ ሊሆን የሚችል መሬት በመካከሉ ከፍተኛ መስመር ሲያልፍበት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በቀሪው ላይ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከሂውስተን

የተሰጡት መልሶች ጠቃሚ ናቸው። በጠበቃነት ሙያዬ ሁለት ነገሮችን ላክል፤ ለየጉዳያችሁ ግን የራሳችሁን ጠበቃ እንድታማክሩ አደራ እላለሁ።

የመጀመሪያው ሰነድ የማዘጋጀት ጉዳይ ነው። በቴክሳስ የመንግሥት ሕግ ምዕራፍ 83 መሠረት፣ በመሬት ባለቤትነት መብት ላይ ውጤት ያለው ሰነድ በክፍያ ማዘጋጀት በመሠረቱ የጠበቃ ሥራ ነው፤ ለብሮከሮችና ለሽያጭ ወኪሎች የተወሰነ ልዩ ሁኔታ ተቀምጧል፤ በኢዝመንት ወኪልነት የተመዘገበ ሰው ግን በዚያ ተመዝጋቢነቱ ብቻ ይህን መብት አገኛለሁ ብሎ እንዳያስብ። የኢዝመንት ቅጹ ከደንበኛችሁ ኩባንያ ጠበቃ ይምጣ፤ ባለመሬቱ ያነሣው ማሻሻያም በጽሑፍ ወደዚያው ጠበቃ ይሂድ። በኩሽና ጠረጴዛ ላይ በእስክሪብቶ አንቀጽ መሠረዝና መተካት በኋላ ለሁሉም ወገን ጣጣ ነው። ሰነዱ በኖታሪ ፊት ከተረጋገጠ በኋላ በካውንቲው ክለርክ መመዝገቡን መከታተል ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ በዚህ ረገድ የጠያቂው የታይትል ልምድ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ወገኖቻችን በኮፍማን፣ በሮክዎል፣ በኤሊስና በሂውስተን ዙሪያ መሬት እየገዙ ነው። አንድ ቀን ደንበኛችሁ የሚፈልገው መሬት ባለቤት አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ኩባንያውም በቋንቋው የሚያነጋግር ወኪል በማግኘቱ ደስ ይለዋል። ባለመሬቱ ደግሞ የአገሩን ልጅ ሲያይ «የእኔ ሰው ነው» ብሎ ያምናል። እናንተ ግን የምትሠሩት ለኩባንያው ነው። ይህን በመጀመሪያው ንግግር፣ በአማርኛ፣ ግልጽ አድርጋችሁ መናገር፣ «ይህ ሰነድ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግርዎ የራስዎ ጠበቃ ነው» ብሎ ማሳወቅ፣ ይህንኑም በጽሑፍ መተው ግዴታችሁ አድርጋችሁ ያዙት። ለኩባንያው እየሠሩ ለባለመሬቱ ሰነዱን «መተርጎምና ማስረዳት» ሁለት ጌታ ማገልገል ነው፤ በእኔ እምነት በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለመሬቱ ከእናንተ ጋር ግንኙነት የሌለው አስተርጓሚ እንዲያቆም መንገር ይሻላል። አንድ ሽማግሌ፣ በቋንቋው ቀርቦ ያስፈረመው ሰው ለማን እንደሚሠራ በኋላ ሲያውቅ የሚሰማው ኀዘን በካሳ አይጠገንም።

ተከታታይ፣ ከአዲስ አበባ

ውይይቱን በጽሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። በአገራችን ተመሳሳይ ድርጅት ማቋቋም ይቻላል ወይ ብለው በግል የጠየቁኝ ስላሉ አጭር ማነጻጸሪያ ልስጥ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1359 እስከ 1385 የንብረት አገልግሎት በሚል ርዕስ አንዱ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለሌላው ጥቅም ሸክም የሚሸከምበትን መብት ደንግጓል። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ለኤሌክትሪክ መስመር ወይም ለመንገድ መሬት ሲያስፈልግ ባለይዞታውን የሚያስነሣውና ካሳ የሚወስነው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011ና በደንብ ቁጥር 472/2012 መሠረት የከተማ ወይም የወረዳ አስተዳደር ነው። በመሆኑም በኩባንያና በባለመሬት መካከል ቆሞ ዋጋ የሚደራደር የግል ወኪል እዚያ እንደሚታወቀው እዚህ ቦታ የለውም። የንብረት ግመታና የማማከር አገልግሎት ለመስጠት ለሚያስብ ሰው መንገዱ የንግድ ፈቃድና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው፤ የሕግ ምክር በክፍያ መስጠት ግን በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ፈቃድ ይጠይቃል።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከፕሌኖ

ስለ ግብር ማንም ስላላነሣ በአጭሩ ልግለጽ። ሁለት አባላት ያሉት ኤልኤልሲ ሌላ ምርጫ ካላደረገ በፌዴራል ግብር እንደ ሽርክና ይቆጠራል፤ ቅጽ 1065 በማርች 15 ይቀርባል፤ ለእያንዳንዱ አባል ደግሞ የትርፍ ድርሻውን የሚገልጽ ኬ-1 የተባለ ቅጽ ይሰጠዋል። በስቴቱ በኩል የፍራንቻይዝ ታክስ አለ፤ በ2024ና በ2025 ሪፖርቶች ዓመታዊ ገቢው ከ2.47 ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ድርጅት የሚከፍለው አልነበረም፤ ነገር ግን የድርጅቱን ባለቤቶችና ኃላፊዎች የሚገልጸውን የመረጃ ሪፖርት በሜይ 15 ማቅረብ አይቀርለትም። ይህን ችላ ያለ ድርጅት በስቴቱ የመሥራት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ለባለመሬቱ ጋሼ ደግሞ፦ ለቋሚ ኢዝመንት የተከፈለ ገንዘብ በአብዛኛው የሚቀነሰው መሬቱ ከተገዛበት ዋጋ ላይ ነው፤ ለጊዜያዊ የሥራ ቦታ የተከፈለው ግን እንደ ኪራይ ገቢ ይታያል። ስለዚህ ቼኩ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ገንዘብ ለምን እንደተከፈለ በውሉ ላይ ተለይቶ ቢጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ታይትል መርማሪ፣ ከጋርላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባልንጀራዬ ጋር ተነጋግረን የጉርሻውን ሐሳብ እንደማንቀበል ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቀናል፤ በቀን ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተስማምተዋል። የ16 ሰዓቱን ትምህርት ሁለታችንም ጀምረናል። አማርኛ ተናጋሪ ባለመሬት ሲያጋጥመን የምንሰጠውን የአንድ ገጽ መግለጫ ረቂቅ አዘጋጅተን ለጠበቃ አስተላልፈናል፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ የምንሠራው ለኩባንያው መሆኑ ተጽፏል። የቀረን ጥያቄ ውሉን ስንፈርም ምን ምን እንድናረጋግጥ ያስፈልጋል የሚለው ነው።

የመስመር መሬት ወኪል፣ ከፎርት ዎርዝ

መልካም አድርጋችኋል። በውሉ ላይ የኢዝመንት ቅጹን የሚያቀርበው፣ ቼኩን ለባለመሬቱ የሚያወጣው፣ በሠራተኛ ስህተት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት የሚወስደው ማን እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ። የሙያ ስህተት ኢንሹራንስ፣ አጠቃላይ የተጠያቂነት ኢንሹራንስና የመኪና ኢንሹራንስ በድርጅቱ ስም ያስፈልጋችኋል፤ ትልልቅ ኩባንያዎች የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ሳያዩ ሥራ አይሰጡም። ከእያንዳንዱ ባለመሬት ጋር የተደረገን ንግግር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠየቀውንና የተመለሰውን በዕለቱ መዝግቡ፤ ክርክር ከተነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው ያንን መዝገብ ነው።

የትሬክ ድረ ገጽ ማንም ሰው የተመዝጋቢን ስም የሚፈልግበት ገጽ አለው። ባለመሬቶችም ጠበቆቻቸውም ይመለከቱታል። የእናንተም የድርጅቱም ስም በዚያ ገጽ ላይ ንቁ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማንም ሰው ደጅ አትሂዱ፤ ስልክም አትደውሉ።